ሲስተር፣ ጥያቄ አለኝ፦ የሚሄደውና የሚመለሰው ደም

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አምስቱ ስለ ደም ስር የሚጠይቁ ናቸው። ጸሐፊዎቹ አይተዋወቁም፤ አንዱ ተማሪ ነው፣ አንዷ አሜሪካ ትኖራለች፣ አንዱ ባለቤቱን የሚያስታምም ነው። ከአንዷ እናት ደብዳቤ በቀር ግን በሁሉም ውስጥ "ንጹሕ ደም" እና "ቆሻሻ ደም" የሚሉ ቃላት አገኘሁ። በነርስነትና በአዋላጅነት 31 ዓመት ስሠራ ይህን አባባል ከታማሚም፣ ከአስታማሚም፣ አንዳንዴ ከሥራ ባልደረቦቼም ሰምቼዋለሁ። ሰው መድኃኒቱን ሲተውበትም አይቻለሁ። ስለዚህ በዚህ እትም ሌላ ጉዳይ አልጨምርም፣ አምስቱን አንድ ላይ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሲስተር እንደምን አሉ? የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። መምህራችን "ደም ቅዳ ንጹሕ ደም ይወስዳል፣ ደም መልስ ቆሻሻ ደም ይመልሳል" ብለው አጻፉን። ፈተና ላይ ከልብ ወደ ሳንባ የሚሄደው ቧንቧ የቱ ነው ተባልን። እኔ "የሚወስደው ቆሻሻ ደም ስለሆነ ደም መልስ ነው" ብዬ መለስኩ፤ ኤክስ ሆነብኝ። ታዲያ ስህተቱ የማን ነው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ልጄ፣ የጻፍከው ከተነገረህ ነገር ቀጥ ብሎ የሚመጣ መልስ ነው። የተሳሳተው መነሻው ነው። ስሞቹን እስቲ ራሳቸውን እያቸው። ደም ቅዳ ማለት ከልብ እየቀዳ የሚወስድ ነው። ደም መልስ ማለት ወደ ልብ የሚመልስ ነው። በሁለቱም ስም ውስጥ ስለ ንጽሕና የተባለ ነገር የለም፤ አቅጣጫውን ብቻ ነው የሚነግሩህ። ስለዚህ ከልብ ወደ ሳንባ የሚሄደው፣ የያዘው ደም ኦክስጅን ቢያንሰውም፣ ደም ቅዳ ነው። ከሳንባ ወደ ልብ የሚገባው ደግሞ በኦክስጅን የተሞላ ሆኖ ሳለ ደም መልስ ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት ማዋለጃ ክፍል ነው። ሕፃን ተወልዶ እትብቱ ሲቆረጥ አዋላጇ የተቆረጠውን ጫፍ ማየት አለባት። በጎዝ ጠረግ አድርጌ ወደ መብራቱ አስጠጋዋለሁ። እንደ ነጭ ሙጫ በሚያዳልጥ ነገር መሃል ሦስት ቀዳዳዎች ይታያሉ። ሁለቱ ጠባብ ናቸው፤ ግድግዳቸው ወፍራም ነው፣ ጫፋቸው ነጣ ብሎ እንደ ትንሽ እንቡጥ ወጣ ይላል። ሦስተኛው ሰፊ ነው፤ ግድግዳው ስስ፣ አፉ ዘርጠጥ ያለ። ሁለቱ ጠባቦች ከሕፃኑ ልብ የመጣውን ደም ወደ እንግዴ ልጁ የሚወስዱ ደም ቅዳዎች ናቸው። ሰፊው ከእንግዴ ልጁ ወደ ሕፃኑ የሚመልሰው ነው። ምግቡንና ኦክስጅኑን ይዞ የሚገባው ይሄኛው፣ ደም መልሱ ነው። አንተም እናትህ ማኅፀን ውስጥ ያደግኸው ደም መልስ ባመጣልህ ደም ነው። (ጠባቡ ሁለት መሆኑ ቀርቶ አንድ ብቻ ከሆነ ሕፃኑን የሚያየው ሐኪም እንዲያውቀው እናደርጋለን፤ ቆጠራው ለዚህ ነው።)

የግድግዳቸው ልዩነት የመጣው ከሚሸከሙት ጫና ነው። ልብ በተኮማተረች ቁጥር በትልቁ ደም ቅዳ ውስጥ ያለው ግፊት ወደ 120 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይወጣል፣ ስታርፍ ወደ 80 ይወርዳል። ይህ በደቂቃ 70 ጊዜ ያህል፣ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ይደጋገማል። እንዲህ ዓይነት ምት ለመቻል ወፍራም ጡንቻና የሚለጠጥ ግድግዳ ያስፈልጋል። ወደ ሳንባ የሚሄደው ደም ቅዳ ግን ግፊቱ 25 በ10 ገደማ ብቻ ስለሆነ ከወንድሙ ይሳሳል። ደም መልስ ደግሞ ያ ሁሉ ኃይል መንገድ ላይ ካለቀ በኋላ የሚቀበል ነው፤ ስስና ሰፊ ሆኖ ብዙ ይይዛል። ዕረፍት ላይ ባለ ሰው ከጠቅላላ ደሙ ሁለት ሦስተኛው ገደማ የሚገኘው ደም መልስ ውስጥ ነው።

"ቆሻሻ" የሚባለውም ደም ቢሆን ዕረፍት ላይ ባለ ሰው ከተጫነው ኦክስጅን ሦስት አራተኛውን ያህል ይዞ ነው የሚመለሰው። በእጅህ ጀርባ ላይ ሰማያዊ የሚመስለው ብርሃን በቆዳህ ውስጥ አልፎ ሲመለስ ስለሚያታልል ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት በመርፌ ስቀዳው አንድ ቀን ሰማያዊ ሆኖ አላየሁም፤ እንደ ቀይ ሥር ውኃ ጠቆር ያለ ቀይ ነው። ደም ከልብ ቀኝ ክፍል በሳንባ ዞሮ ወደ ግራ እንደሚገባ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ካይሮ ይሠራ የነበረው ሐኪም ኢብን አል ነፊስ ጽፎታል። ከእሱ በፊት ከ1000 ዓመት በላይ ሐኪሞች የጥንቱን ግሪካዊ ሐኪም ጋሌንን ተከትለው፣ ደም በልብ መሃከለኛ ግድግዳ በማይታዩ ቀዳዳዎች ያልፋል ይሉ ነበር። ስለዚህ በዚህ መንገድ ላይ የተደናገርከው አንተ የመጀመሪያው አይደለህም። መምህርህንም በጨዋ ደንብ እትብቱን ነግረህ ጠይቃቸው።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ አባቴ 63 ዓመታቸው ነው። "ደም ብዛት አለብዎት" ተብለው ክኒን ታዘዘላቸው። እሳቸው ግን "ደሜ ከበዛ ይቀነስልኝ" ብለው ዋግምት አስደረጉ። ከጀርባቸው ጥቁር ደም ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ "ቆሻሻው ወጥቶልኛል" ብለው ክኒኑን ትተዋል። ደም ቢለግሱስ ይረዳቸዋል? እኔ ማስረዳት አቃተኝ። (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ልጄ፣ አባትሽን ያሳሳታቸው ስሙ ነው። "ደም ብዛት" ስንላቸው ደማቸው በዝቷል አልናቸው፤ የበዛ ነገር ደግሞ ይቀነሳል። እሳቸው ያደረጉት ከቃሉ የተነሳ ነው፣ እና እባክሽ አትቆጫቸው።

የአንድ አዋቂ ሰው ደም 5 ሊትር ገደማ ነው። ግፊት ያለበት ሰው ሌላ 2 ሊትር ተርፎት አይደለም። የጨመረው ደሙ የደም ቅዳውን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው። ጓሮ የምታጠጡበት ጎማ ካላችሁ አባትሽን ይዘሻቸው ውጪ። ውኃውን ክፈቺና የጎማውን ጫፍ በአውራ ጣትሽ ጫን አድርጊ፤ እሳቸው ደግሞ በእጃቸው ጎማውን ይያዙት። ውኃው አልጨመረም፣ ጎማው ግን ድርቅ ይላል። በሰውነታችን ያ አውራ ጣት የደም ቅዳ ጫፎች ናቸው። ትልቁ ደም ቅዳ ሲከፋፈል፣ ሲከፋፈል ከፀጉር ብዙ የማይወፍሩ ቅርንጫፎች ይሆናል። እነዚህ በግድግዳቸው የተጠመጠመ ጡንቻ አላቸው፤ ይጠባሉ፣ ይላላሉ። ጠበው ሲቀሩ፣ ትልልቆቹም በዕድሜ ሲደርቁ፣ ኩላሊትም ጨውና ውኃ አላስወጣ ሲል፣ ከኋላ ያለው ሁሉ ይወጠራል። ውጥረቱ ለዓመታት ምንም ሳያም የአንጎልን፣ የዓይንን፣ የኩላሊትን፣ የልብን ስስ ስሮች ይጎዳል።

የታዘዘላቸው ክኒን አምሎዲፒን ከሆነ ሥራው ያንን የተጨበጠ ጡንቻ ማላላት ነው፤ አውራ ጣቱን ከጎማው ላይ እንደማንሳት። (ቁርጭምጭሚታቸው ካበጠ ለሐኪሙ ይንገሩ እንጂ በራሳቸው አይተዉት።) ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ከሆነ ጨውንና ውኃን በሽንት ያስወጣል። ሁለቱም የሚሠሩት ሲወሰዱ ብቻ ነው። "ተሻለኝ" ብሎ የሚተው ሰው ጣቱን መልሶ ጎማው ላይ አደረገ ማለት ነው።

ወደ ዋግምቱ ልምጣ። ቀንዱ የሚስበው፣ ምላጩ የሚበጣው የላይኛውን ቆዳ ነው። የሚወጣው ደም ከቆዳ ሥር ካሉት እጅግ ቀጫጭን ስሮችና ከትናንሽ ደም መልሶች ነው። በቀንዱ ውስጥ ቆይቶ ሲረጋ ይጠቁራል፤ ከማንኛችንም ጣት የተቀዳ ደም ቢቀመጥ እንዲሁ ይጠቁራል። ከሰውነት ቆሻሻ የሚያወጡት ኩላሊት፣ ጉበትና ሳንባ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ቀን ከሌት አያርፉም። ዋግምቱ የወሰደው ጥቂት ሲኒ ደም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ፈሳሹ ይተካል፤ ግፊቱም ወደነበረበት ይመለሳል። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ምላጩ ነው። ለሌላ ሰው ያገለገለ ከሆነ ኤች አይ ቪና የጉበት ቫይረስ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ንጽሕናው ካልተጠበቀም ቴታነስ አለ። ስለዚህ ጤና ጣቢያ ሄደው ስለዚህ ጉዳይም ይመርመሩ።

ደም መለገስ ትልቅ በጎነት ነው፤ ሰው ያድናል እንጂ የለጋሹን ግፊት አያክምም። ደም ባንክም ከመቀበሉ በፊት ግፊት ይለካል፣ ከፍ ካለ ይመልሳል።

ማስረዳት አቃተኝ ላልሽው፣ እኔን የረዳኝን ልንገርሽ። ቃል አልገባ ሲላቸው ማዳመጫውን በራሳቸው ጆሮ አደርግላቸዋለሁ። ጨርቁን ክንዳቸው ላይ ጠምጥሜ እነፋዋለሁ፤ ደም ቅዳው ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ጭጭ ይላል። ከዚያ አየሩን ቀስ እያልኩ ስለቅቀው ድንገት "ጧ፣ ጧ" የሚል ድምፅ ይጀምራል። ደሙ በልብ ምት ልክ በጠባቡ ቀዳዳ እየተገፋ ሲሾልክ ነው። ድምፁ የጀመረበት የላይኛው ቁጥር ነው። መንገዱ ሙሉ ሲከፈት ድምፁ ይጠፋል፤ እሱ የታችኛው ነው። ይህን ድምፅ በ1905 አውጥቶ የገለጸው ኮሮትኮፍ የተባለ የሩሲያ ሐኪም ነው። ብዙ አባቶች የራሳቸውን ደም ሲያንኳኳ ሲሰሙ ዝም ይላሉ። ድምፁ 170 ላይ ሲጀምር በጆሮው የሰማ ሰው ክኒኑን እንደ ሌላ ሰው ነገር አያየውም። ጤና ጣቢያ ያለችውን ነርስ ለምኚያት፤ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ጥያቄ፦ የ2 ዓመት ልጄ ተቅማጥ ይዟት ስወስዳት ባለሙያዋ የጣቷን ጥፍር ጫን አድርጋ ለቀቀችና "እሺ፣ ደህና ነው" አለችኝ። ጥፍር ከተቅማጥ ጋር ምን አገናኘው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ አሁኑኑ በራስሽ ጥፍር አድርጊው። ጫን ስታደርጊው ይነጣል፣ ስትለቂው ደም መልሶ ሲገባ ይቀላል። በደም ቅዳና በደም መልስ መካከል ያሉትን ካፒላሪ የሚባሉትን ስሮች ነው ጨምቀሽ የለቀቅሻቸው። ግድግዳቸው የአንድ ሕዋስ ውፍረት ብቻ ነው ያለው። ስፋታቸው ከ5 እስከ 10 ሺኛ ሚሊ ሜትር ነው፤ አንድ ቀይ የደም ሕዋስ 8 ሺኛ ገደማ ስለሆነ አንድ በአንድ ተሰልፈው፣ አንዳንዱም ተጣጥፎ ያልፋል። እዚያ ደሙ በሰከንድ 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሄድም። ኦክስጅኑና ምግቡ የሚወርደው፣ የተቃጠለው አየርና ጥራጊው የሚጫነው በዚያ ዝግታ ነው። ትልልቆቹ ስሮች መንገድ ናቸው፤ ገበያው የሚቆመው እዚህ ነው።

ሕፃን ብዙ ፈሳሽ ሲያልቅባት ሰውነቷ ለአንጎልና ለልብ እንዲተርፍ ብሎ ወደ ቆዳ የሚሄዱትን ጫፎች ያጠባል። ያን ጊዜ የተጫነው ጥፍር ቶሎ አይቀላም። በ2 ሰከንድ ውስጥ ከቀላ ጥሩ ምልክት ነው፤ ከዘገየ ግን ባለሙያዋ ቸኩላ ትነሳ ነበር። ብቻውን ግን አይበቃም፤ እጇ ቀዝቅዞም ሊዘገይ ይችላል። ዓይኗ ከጎደጎደ፣ ሽንት ካቆመች፣ መጠጣት ካቃታት፣ ከፈዘዘች ጥፍሯ ቢቀላም ይዘሻት ሩጪ። እስከዚያው ኦ አር ኤሱን በማንኪያ ቶሎ ቶሎ ስጫት።

ጥያቄ፦ ሰላም ሲስተር። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ያስቆመኛል። ሦስት ልጅ ወልጃለሁ። ከሁለተኛዋ ወዲህ ባቴ ላይ ስሮቹ እንደ ገመድ ተጠማዘው ወጡ፤ ማታ ማታ እግሬ ይከብደኛል። እናቴም እንዲህ ነበረች፣ "ቆሻሻው ደም ወርዶ ተጠራቅሞ ነው" ትል ነበር። ለገና ወደ አገር ቤት ልመጣ ነው፤ በረራው ከ12 ሰዓት በላይ ነው። ልስጋ?

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽ "ወርዶ ተጠራቅሞ" ያሉት እውነት ነው። "ቆሻሻው" ያሉት ብቻ አይደለም።

ከእግር ጣትሽ እስከ ልብሽ ደሙ ሽቅብ መውጣት አለበት፤ የልብ ግፊት ግን በቀጫጭኖቹ ስሮች ውስጥ ሲያልፍ አብዛኛው አልቋል። ስለዚህ ሌላ ገፊ ያስፈልጋል፤ እሱም የባትሽ ጡንቻ ነው። በተራመድሽ ቁጥር ጡንቻው በውስጡ ያሉትን ደም መልሶች ይጨምቃል፤ ደሙ ወደ ላይ ይገፋል። እንዳይመለስ በየቦታው ወደ ላይ ብቻ የሚከፈቱ ስስ በሮች አሉ፤ ቫልቭ ይባላሉ። ዝም ብሎ የቆመ ሰው እግር ላይ ያለው የደም መልስ ግፊት ከ80 እስከ 90 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ሲራመድ ወደ ሲሶው ይወርዳል። ለረጅም ሰዓት ቀጥ ብሎ ከመቆም ማኅሌት ላይ እንደሚያሸበሽቡት አባቶች ወዘወዝ ማለት ለእግር ይሻላል።

በሮቹን ማየት ከፈለግሽ እጅሽን ወደ ታች አንጠልጥይና ክንድሽ ላይ ጎላ ያለ ደም ስር ፈልጊ። አንዱን ጣት ወደ አንጓሽ በኩል ስሩ ላይ ጫኚ። በሌላው ጣት ከዚያ ተነስተሽ ደሙን ወደ ክርንሽ ግፊው፣ ከዚያ ላይኛውን ጣት አንሺ። ቫልቭ ባለበት ከዚያ በታች ያለው ስር ባዶ እንደሆነ ይቀራል፤ ደሙ ከላይ ሊወርድ አይችልም። የታችኛውን ጣት ስታነሺ ብልጭ ብሎ ይሞላል። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቬይ ደም እየዞረ እንደሚመለስ በ1628 ሲያስረዳ ካሳያቸው ማስረጃዎች አንዱ ይሄው ነበር። በሮቹን፣ ጣሊያን አገር ፓዱዋ ላይ ሃርቬይን ያስተማረው ፋብሪሲየስ አስቀድሞ ገልጿቸው ነበር፤ ሥራቸውን የተረዳው ግን ተማሪው ነው። ሃርቬይ ግን ደሙ ከደም ቅዳ ወደ ደም መልስ የሚሻገርበትን ድልድይ ሳያይ በ1657 አረፈ። ማልፒጊ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም በማጉያ መነጽር የእንቁራሪት ሳንባ ውስጥ ቀጫጭኖቹን ስሮች ያየው ከአራት ዓመት በኋላ ነው።

በአንቺ እግር የሆነው፣ ስሩ ሲሰፋ የበሮቹ ክንፎች አልገጥም ብለው ደሙ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ነው። እርግዝና ይህን ያባብሰዋል፤ ማኅፀኑ ከላይ ይጫናል፣ ሆርሞኑም ግድግዳውን ያላላል። ከእናት ወደ ልጅም ይወርዳል። ማታ እግርሽን ከልብሽ ከፍ አድርገሽ ተኚ፣ ሥራ ላይም በየመሃሉ ተረከዝሽን አንሺ፣ አውርጂ። ጠበቅ የሚያደርገውን ካልሲ ከመግዛትሽ በፊት የእግርሽን የደም ቅዳ ትርታ ሐኪም ይይልሽ፤ ወደ እግር የሚሄደው ደም ያነሰው ሰው ቢለብሰው ይጎዳዋል። ያበጠው ስር ተነክቶ ከደማ አትሩጪ፤ ተጋደሚ፣ እግርሽን አንሺ፣ በጨርቅ አጥብቀሽ ጫኚ።

ለበረራው፣ ባትሽ እንዳይተኛ አድርጊ። መተላለፊያው በኩል ያለውን ወንበር ያዢ፣ ተነስተሽ ተራመጂ፣ ተቀምጠሽም ቁርጭምጭሚትሽን አዙሪ። ከዚህ በፊት ደም ረግቶብሽ ከሆነ፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ካደረግሽ፣ ወይም የወሊድ መከላከያ እንክብል ከወሰድሽ ትኬቱን ከመቁረጥሽ በፊት ሐኪምሽን አማክሪ። ከበረራው በኋላ ባሉት ቀናትና ሳምንታት አንዱ እግር ብቻ አብጦ ካመመሽና ከሞቀሽ "ያው የድሮው ስሬ ነው" አትበይ፤ በውስጠኛው ደም መልስ ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። የረጋው ተነቅሎ ቢሄድ በቀኝ ልብ አልፎ፣ ያ የባሕር ዳሩ ልጅ በጠየቀው ደም ቅዳ በኩል ሳንባ ይደርሳል። ድንገት ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ደረትሽን ከወጋሽ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው፣ ሰዓት ሳታሳልፊ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ባለቤቴ 41 ዓመቷ ነው፤ ኩላሊቷ ደክሞ እጥበት ጀምራለች። አሁን የሚታጠብላት አንገቷ ላይ በገባ ቱቦ ነው። ሐኪሞቹ "እጇ ላይ ፊስቱላ ይሠራላት" አሉ። እኔ ፊስቱላ የማውቀው በወሊድ ጊዜ የሚመጣውን ነው፤ ደነገጥኩ። ደም ቅዳውን ከደም መልሱ ጋር እናገናኛለን አሉኝ። ንጹሑ ከቆሻሻው ሊቀላቀል ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብትደነግጥ አይገርመኝም። በአገራችን ፊስቱላ ሲባል ሁሉም የሚያስበው በምጥ የተጎዱትን እናቶች ነው። ቃሉ ግን በላቲን ቧንቧ ማለት ነው፤ መገናኘት የሌለባቸው ሁለት ነገሮች ሲገናኙ ሁሉ ይነገራል። የእናቶቹ ጉዳት ነው። የባለቤትህ ሆን ተብሎ፣ እሷን ለማኖር የሚሠራ ነው።

ደሟን የሚያጥበው ማሽን በደቂቃ 300 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ይስባል እንበል። በ4 ሰዓት ውስጥ ከ70 ሊትር በላይ ነው፤ ያ 5 ሊትር ደሟ ደጋግሞ በማጣሪያው ያልፋል። ይህን የሚሰጥ ስር ከየት ይምጣ? የክንድ ደም መልስ ለመርፌ ይመቻል፣ ከቆዳ ሥር ነው፣ ነገር ግን የሚፈስበት ትንሽ ነው፤ ማሽኑ ሲስበው ስስ ግድግዳው ተጣብቆ ይዘጋል። ደም ቅዳው በቂ አለው፣ ግን ጥልቅ ነው፣ ያማል፣ በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ጊዜ በወፍራም መርፌ ቢወጋ ይጎዳል፣ ደሙም በቀላሉ አይቆምም። ስለዚህ የቀዶ ሕክምና ባለሙያው አንጓዋ አካባቢ የደም መልሱን ጫፍ ከደም ቅዳው ጎን ይሰፋዋል። የደም ቅዳው ኃይል በደም መልሱ ውስጥ መፍሰስ ይጀምራል። በሳምንታት ውስጥ ስሩ ይሰፋል፣ ግድግዳው ይወፍራል። ደም መልስ ሆኖ የተፈጠረው ስር ግፊት ሲመጣበት ለግፊቱ የሚሆን አካል ያበጃል። በዚህ ሥራ ውስጥ እንደዚህ የሚያስደንቀኝ ነገር ጥቂት ነው። ይህ ዘዴ ኒው ዮርክ ላይ በሐኪሞቹ ብሬሺያና ቺሚኖ ከባልደረቦቻቸው ጋር ይፋ የሆነው በ1966 ነው፤ ዛሬም የሚመረጠው እሱ ነው። ቱቦው አንገቷ ላይ በቆየ ቁጥር ለኢንፌክሽን በር ስለሆነ አትዘግዩ።

መቀላቀሉ አይጎዳትም። ከልብ የወጣ ኦክስጅን የያዘ ደም ጣቶቿን ሳይዳስስ በአቋራጭ ወደ ልብ ይመለሳል፤ ያው የራሷ ደም ነው። ልቧ ትንሽ ተጨማሪ ሥራ ይኖራታል፣ ሐኪሙ ይከታተለዋል። እጇ ከቀዘቀዘ፣ ከገረጣ፣ ጣቶቿ ካመሟት ወደ ጣቶቿ የሚሄደው ደም አንሷል ማለት ሊሆን ስለሚችል ንገሩት።

አሁን አንድ ነገር ልለምንህ። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት ኩላሊቱ እየደከመ የሚመላለስ አንድ ታማሚ ነበረን። ግሉኮስ ሲታዘዝለት ሁላችንም የምንሄደው ከአውራ ጣቱ በላይ በክንዱ ጠርዝ ወደምትወጣው ስር ነበር፤ ቀጥ ያለች፣ የማትንሸራተት፣ ጨለማ ውስጥ እንኳ በጣት የምትገኝ። በአንድ ሙከራ ስለምንይዘው ደስ ይለን ነበር። ፊስቱላ ሲፈለግለት ያቺ ስር እንደ ደረቀ ክር ጠንክራ ተገኘች፤ በሌላው እጁም እንዲሁ። ያጠፋናት እኛ ነን። ማንም አልነገረንም፣ እኛም አልጠየቅንም። ዛሬም ፊቱን አልረሳውም። ስለዚህ ገና ፊስቱላው ሳይሠራም፣ የማትሠራበትን እጇን ከዛሬ ጀምሮ ጠብቅላት። ደም ለመቅዳት የመጣ ሁሉ ከሌላው እጅ፣ በተቻለ መጠን ከእጅ ጀርባ ይቅዳ። አንዳንዱ ባለሙያ ይቆጣ ይሆናል፤ አንተ አትቆጣ፣ ግን እጇንም አትስጥ።

ከተሠራ በኋላ ስሩ እስኪጠነክር ብዙውን ጊዜ ከ6 ሳምንት በላይ ይፈጃል፤ ቁስሉ ሲድን ሐኪሙ ከፈቀደ ለስላሳ ኳስ እየጨበጠች ትለቅ። በዚያ እጅ ግፊት አይለካ፣ መርፌ አይወጋ፣ ጠባብ ሰዓትና አምባር አይደረግ። ጀሪካን አታንጠልጥል፣ ተንተርሳውም አትተኛ። ደም ከፈሰሰ በጣት ቦታው ላይ አጥብቃችሁ ጫኑ፣ እየጫናችሁም ወደ ሕክምና ሂዱ።

ስፌቱ ላይ ጣትህን ስታሳርፍ ቫይብሬት ላይ እንዳለ ስልክ ይነዝራል፤ ደሙ ከደም ቅዳው ወደ ደም መልሱ ሲንደረደር ነው። ንዝረቱ ከጠፋ ደም ረግቶ ስሩ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ቀጠሮዋ ነገ ቢሆንም ነገን አትጠብቁ፤ ያንኑ ቀን ከተደረሰበት ሊከፈት የሚችልበት ዕድል አለ። እሷ ማታ ከመተኛቷ በፊት ትዳስሰው። አንተም ጠዋት፣ ከአልጋ ሳትነሳ፣ እጅህን አድርገህ ነዝሮ እንደሆነ እይላት።